ባዶ እግር፣ ባዶ ሆድ እና አፍ እላፊ

በእኛ አገር «ደንቆሮ» የሚባል ጫካ አለ። ስድብ አይደለም፤ የቦታ ስም ነው። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ እየተባለ የሚጠራው፣ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮ የሚኖሩበት ደጋ፣ ድሮ በሰዉ አፍም በወረቀትም ደንቆሮ ጫካ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን ይህን ለዶርም ጓደኞቼ በመናገሬ እስክመረቅ ድረስ ተጸጽቻለሁ። «ከየት ነሽ?» ይሉኛል። «ቦረና» እላለሁ። «ኦሮምኛ ትችያለሽ በያ!» «የለም፣ የወሎው ቦረና፤ መካነ ሰላም።» «እሱ ደግሞ የት ነው?» «እ… ደንቆሮ ጫካ ያለበት።» በቃ! ከዚያ በኋላ ፈተና በተበላሸብኝ ቁጥር ጥፋቱ የጫካው ሆነ።

ዛሬ ለጫካው ጥብቅና ልቁምለት። እኔ እስከማውቀው አንድም ሰው ሰድቦ አያውቅም። ደንቆሮ ንግግር የሰማሁት ሁልጊዜ ከአዳራሽ ነው፤ ማይክራፎን፣ የታሸገ ውሃና የፕላስቲክ አበባ ከተደረደረበት ጠረጴዛ ጀርባ። (ከጫካ መጥተው አዳራሽ የገቡ ነበሩ ትሉኝ ይሆናል። እነሱ የመጡት ከሌላ ጫካ ነው።)

የታላላቆቻችን አፍ እላፊ መቼም ለጸሐፊ የጥሬ ዕቃ እጥረት የሌለበት ርዕስ ነው። ሁሉን ልዘርዝር ብል እናንተም እኔም እዚሁ እናረጃለን። እኔ ከሁሉም ሁለቱን ብቻ ነው የምፈልጋቸው፤ ስለ ባዶ እግር የተነገረውንና ስለ ባዶ ሆድ የተነገረውን። ለመጀመሪያው ሰልፍ ወጥተናል። ለሁለተኛው ያደረግነውን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

*

በ2006 ዓ.ም. አጋማሽ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የብአዴን ከፍተኛ አመራር የነበሩት አቶ ዓለምነው መኮንን በአንድ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ የተቀዳ ድምጽ በኢሳት ተላለፈ፤ ከዚያም ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ መካነ ሰላም ደረሰ። ንግግራቸው እንወክለዋለን ስለሚሉት ስለ አማራው ሕዝብ ነበር። ቃል በቃል አልደግመውም። ፍሬ ነገሩ ግን፣ ሕዝቡ በባዶ እግሩ እየሄደ ከአፉ የሚወጣው መርዝ ነው፣ ትምክህቱን ያራግፍ የሚል ነው።

አያቴ ድምጹን ስትሰማ አጠገቧ ነበርኩ። የአጎቴ ልጅ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዘላት። አንዴ ሰማች። «እስቲ ድገመው» አለች። ደገመው። ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ምንም ሳትናገር እግሮቿን ሳብ አድርጋ ጋቢዋ ሥር ደበቀቻቸው።

እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት፣ በገዛ ቤቷ፣ በገዛ መደቧ ላይ ተቀምጣ፣ በማታውቀው ሰው ድምጽ ምክንያት እግሯን ስትደብቅ።

አያቴ ጫማ ያደረገችው ከተዳረች በኋላ ነው። መጀመሪያ በረባሶ፣ ቀጥሎ ኮንጎ። ኮንጎዋንም ቢሆን ገበያ ስትሄድ መንገዱን ሙሉ በእጇ አንጠልጥላ ትሄድና ከተማው አፍ ላይ ስትደርስ እግሯን በሣር ጠርጋ ታጠልቀዋለች። ቶሎ እንዳያልቅባት ነው። የእኛን ደጋ ለማታውቁት፦ ጠዋት ጠዋት ውርጭ አለ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ወርዳችሁ የምትደርሱት ዓባይ በረሃ ነው። ያን ሁሉ በባዶ እግር የሄደ ሰው መንገድ ላይ «ትምክህት» የሚባል ነገር ይዞ ለመሄድ ትርፍ ጉልበት ያለው አይመስለኝም።

ደግሞ ባዶ እግር የኩራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው። በተለምዶ ዝሆኔ ከምንላቸው የእግር እብጠቶች መካከል ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት አለ። ይሄኛውን የምታመጣው ትንኝ አይደለችም፤ አፈር ነው። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈጠረ ቀይ ሸክላማ አፈር ባለበት፣ ዝናብ በማያጣ ደጋ፣ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሄደና ያረሰ ሰው፣ የአፈሩ ደቃቅ ማዕድን በእግሩ ቆዳ ይገባና ተፈጥሮው ለበሽታው የተጋለጠ ከሆነ እግሩን ያሳብጠዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይህ በሽታ እንዳለበት ይገመታል፤ ከዓለም አንደኛ ነን። የታመመ ሰው ሰርግ አይጠራም፣ ልጁን የሚያገባለት ያጣል፣ ሰው ደግሞ በዘር የመጣ እርግማን ነው ይለዋል። መከላከያው ምን መሰላችሁ? ጫማ። ውሃና ሳሙና። ይኸው ነው።

እንግዲህ የመንግሥት ሥልጣን የያዘ ሰው «ባዶ እግር» ብሎ ከጀመረ ቀጥሎ ሊመጣ የሚገባው ቃል «ጫማ» ነበር። የመጣው «መርዝ» ሆነ። ደግሞ አስቡት፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ሃያ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ነው የቀረው። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ የምታስተዳድረው ሕዝብ እግሩ ባዶ ከሆነ ያ ስድብ ሳይሆን ሪፖርት ነው፤ የራስህ የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት!

ሕዝቡ ተቆጣ። አንድነት ፓርቲና መኢአድ የካቲት 16 ቀን 2006 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ሰልፍ ጠሩ፣ ብዙ ሰው ወጣ። ያኔ ሰልፍ ወጥቶ በሰላም ወደ ቤት መመለስ በራሱ ዜና ነበር። ተናጋሪው ግን በዚያ ንግግር ከወንበራቸው ሲነሱ አላየንም። ሰልፉ ሁለት ወር እንደሞላው በሚያዝያ አጋማሽ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። አንዱ የሌላው ምክንያት ነው እያልኩ አይደለም። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ የገባኝን ነው የምነግራችሁ፦ ተናግሮ የሰደበ ይቀመጣል፣ ጽፎ የጠየቀ ይታሰራል። ጋዜጠኝነት መማር የፈለግሁት ያኔ ነው። (እናቴ ፋርማሲ ነበር የምትፈልገው። አንዳንድ ቀን ልክ ነበረች እላለሁ።)

*

ትምህርት ቤት ገብተን «ጥቅስ» የሚባለውን ነገር ስንማር፣ የተናጋሪውን ቃል ከነአውዱ አስቀምጡ ተባልን። ጥሩ ትምህርት ነው። ወደ ሥራ ስወጣ ግን «አውድ» የሚለው ቃል አገራችን ውስጥ ሌላ ሥራ እንዳገኘ አየሁ። አንድ ባለሥልጣን አፉ ሲያመልጠው የሚከተለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ቀን ዝም ይባላል። በሁለተኛው ቀን ድምጹ ተቆርጦ የተቀጠለ ነው ይባላል። በሦስተኛው ቀን «ለማለት የተፈለገው» ይመጣል፤ ለማለት የተፈለገው ሕዝቡን ሳይሆን አንዳንድ ኃይሎችን ነው። ሳምንት ሲሞላው የሰማው ሰው ጥፋተኛ ይሆናል። ለምን ሰማህ? ማን አሰማህ? ቅጂው ከየት መጣ?

ይህን ሁሉ እናውቀዋለን። ስለዚህ እነሱን ልተዋቸውና ወደ እኛ ልምጣ። ወደ እኛ ስል ወደ እኔና ወደ እናንተ፣ ስልክ ይዘን ለምንቆጣው ወጣቶች።

የምንቆጣው መቼ ነው? መስከረም 24 ቀን 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተከበረው ኢሬቻ አቶ ሽመልስ አብዲሳ ነፍጠኛ እዚህ ቦታ ላይ ተሰበረ የሚል ንግግር ሲያደርጉ አማራው ተቆጣ። በጦርነቱ ጊዜ አቶ ጌታቸው ረዳ ስለ ሒሳብ ማወራረድ ሲናገሩ እንደገና ተቆጣ፤ በእውነትም የሚያስቆጣ ነበር፣ ሒሳቡ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቷልና። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በ2013 ክረምት ሕወሓትን «አረም» እና «ካንሰር» ሲሉ፣ ዲያቆን ዳንኤል ክብረት ደግሞ በ2014 መግቢያ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሳይቀር በይፋ ያወገዘውን ንግግር ሲያደርጉ፣ ትግሬው ደነገጠ፤ አረም ሲነቀል ማን እንደሚነቀል ያውቃልና። ታዲያ አንዱ ሲደነግጥ ሌላው ምን ያደርግ ነበር? ላይክ! የእኔን ወገን ሲሰድቡ የጥላቻ ንግግር ነው፣ ያንተን ሲሰድቡ ደግሞ «ምን አጠፉ? እውነት ነው የተናገሩት!» ነው።

የውጭ ሰው ሲሰድበን ደግሞ አንድ ላይ እንሆናለን። ዶናልድ ትራምፕ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ግብፆች ግድቡን ያፈነዱታል ያሉ ጊዜ አዲስ አበባ በማግስቱ የአሜሪካውን አምባሳደር ጠርታ ማብራሪያ ጠየቀች። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም። ዓባይ ከእኛ ወረዳ ሥር ነው የሚያልፈው። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ለአንድ የባዕድ አረፍተ ነገር በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ማብራሪያ የሚጠይቅ መንግሥት፣ ከገዛ ሹሞቹ ማብራሪያ ሲጠይቅ አይቼ አላውቅም።

የተራበ ሰው ሲሰደብስ ማን ይቆጣል? ረሃብተኛ ብሔር የለውም። ፓርቲ የለውም፣ ፔጅ የለውም፣ ዲያስፖራ የለውም። አምባሳደር የሚያስጠራለትም የለም።

*

የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። ወሎ ይህን ተረት በሦስት መንግሥት ፈትሻዋለች።

በመጀመሪያው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለጣልያናዊቷ ጋዜጠኛ ኦሪያና ፋላቺ ቃለ መጠይቅ ሰጡ። ስለ ድሆች ስትጠይቃቸው፣ ሀብታምና ድሃ ድሮም ነበረ ወደፊትም ይኖራል፣ የሚሠራ አለ የማይሠራ አለ፣ ሰው ለገዛ ዕጣው ኃላፊው ራሱ ነው የሚል መልስ ሰጧት። ብዙም ሳይቆይ በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ የሚሸጥ ሲያጣ መኪና መንገድ ዳር ወጥቶ ይወድቅ ጀመር። «የማይሠራ» የተባለው እሱ ነው እንግዲህ! የዩኒቨርሲቲው መምህራን ሄደው አይተው፣ ፎቶ አንስተው አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። የዩኒሴፍ ሰዎች ሪፖርት ሲያዘጋጁ ደግሞ የፕላን ምክትል ሚኒስትሩ፣ ዕርዳታ ለማግኘት ሁኔታውን እንዲህ አድርገን መግለጽ ካለብን ዕርዳታው ይቅርብን፣ የመንግሥት ኀፍረት ይበልጣል አሏቸው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። ሰውየው ረሃብ የለም አላሉም። እንዳለ ያውቃሉ። የቸገራቸው መታየቱ ነው። ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ በጥቅምት 1966 ለዓለም አሳየው፤ ደርግም በ1967 የእንቁጣጣሽ ምሽት ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር ቆራርጦ ለአዲስ አበባ አሳየና በማግስቱ ንጉሡን አወረደ።

አሥር ዓመት። ደርግ መስከረም 1977 ላይ አሥረኛ ዓመቱን በቀይ ጨርቅና በከፍተኛ ወጪ ሲያከብር ሰሜኑ ያልቅ ነበር። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽነር የነበሩት ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ በኋላ ተሰደው በጻፉት ማስታወሻ፣ ሁኔታውን ለኮሎኔል መንግሥቱ ሲያስረዱ የተሰጣቸው መልስ በእንዲህ ዓይነት ጥቃቅን ሰብዓዊ ችግሮች አትጠመድ፣ ረሃብ ከእኛ በፊትም ነበረ የሚል እንደነበር ይተርካሉ። ይህ በአደባባይ ሳይሆን በቢሮ የተባለ ነው፤ ግን ከቢሮ የወጣው ዝምታ በጥቅምት የኮረም ምስል በቢቢሲ እስኪታይ ድረስ አደባባዩን ሞልቶት ነበር። እኛ ደግሞ ከዚያ ምን ተረፈን? ስም። አዲስ አበባ ላይ ሰው ሲከሳ «ሰባ ሰባት» ብሎ የሚቀልድ እስከ ዛሬ አለ። እኔም አብሬ ስቄ አውቃለሁ።

ሦስተኛውን ሳነሳ ለመለስ ዜናዊ ፍርድ መስጠት አለብኝ። ስለ ባንዲራ «ጨርቅ» ብለዋል፣ ስለ አክሱም ሐውልትና ስለ ወላይታ ተናግረዋል እየተባለ በሕይወታቸው ሙሉ፣ ከሞቱም በኋላ ሲወቀሱ ኖረዋል፤ ወቀሳውን አልነጥቃቸውም። ነገር ግን በኅዳር 1995 ዓ.ም. ለቢቢሲ ቀርበው፣ የሚመጣው ረሃብ ከሰባ ሰባቱ ሊብስ ይችላል ብለው በገዛ አፋቸው ተናገሩ። ለአንድ መሪ የሚያሳፍር ቃል ነው። በዓመቱ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ዕርዳታ ፈለገ፤ እህል መጣ፤ ሰባ ሰባት አልተደገመም። ብዙ ሰው አልቆ ሊሆን ይችል የነበረው በቃል ብቻ ዳነ አልልም። ቃሉ ግን በሩን ከፈተ። የመሪ አፍ ለዚህም ይሠራል ማለት ነው!

ታዲያ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ በምርጫው ዕለት፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ለቢቢሲ በትግራይ ረሃብ የለም አሉ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት የወጣው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ግምት ከ350 ሺህ በላይ ሰው በከፋው የረሃብ ደረጃ ላይ ነው የሚል ነበር።

እውነቱን ልናገር። ያኔ አልተቆጣሁም። ጦርነት ነበር፣ ትግራይ ከእኔ ሩቅ ነበረች፣ ስልኬ ላይ የሚመጣው ሁሉ የወገን ነበር። እግሯን የደበቀች አያት ያለችኝ እኔ፣ የሌላ ሰው አያት ባዶ ሆዷን ስትደብቅ አላየሁም።

ከዚያ ጥር 2016 መጣ። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ የመንግሥት ተቋም ነው ልብ በሉ፣ በትግራይ 351፣ በአማራ ክልል 44 ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። ጥር 28 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ምክር ቤት ቀርበው በኢትዮጵያ በረሃብ የሞተ ሰው የለም አሉ፤ ከምግብ እጥረት ጋር በተያያዘ በሽታ የሞተ ሊኖር ይችላል ብለው ጨመሩ።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ይህ ማብራሪያ ብልጥ ይመስላል። ረሃብ እንዴት እንደሚገድል የምታውቁ ግን ይገባችኋል። ረሃብ ሰውን ቀጥ አድርጎ በስሙ አይገድልም። ሰውነት ይደክምና ተቅማጥ ይመጣል፣ ኩፍኝ ይመጣል፣ የሳንባ ምች ይመጣል። በስልሳ አምስትም በሰባ ሰባትም በመጠለያዎቹ ውስጥ ሰው ያለቀው በአመዛኙ እንዲሁ ነው። በዚህ ስሌት ከሄድን ወሎ ውስጥ በረሃብ የሞተ ሰው ኖሮ አያውቅም! ሁሉም በተቅማጥ ነው!

ደግሞ ይህ ንግግር አዳራሽ ውስጥ አይቀርም፤ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ከላይ «የለም» ከተባለ ክልሉ «አለ» ብሎ ለመጻፍ ይፈራል። ዞኑ ክልሉን ያያል፣ ወረዳው ዞኑን። መጨረሻ ላይ ቀበሌ ላይ አንድ ሊቀ መንበር አለ፣ እስክሪብቶ ይዞ። ጎረቤቱ ሞቷል፤ ምክንያቱን ያውቀዋል፤ የሚጽፈው ግን «ሕመም» ነው። ሕመም የሞላበት ቅጽ ደግሞ እህል አያስመጣም። በ2015 መጨረሻ ላይ ዕርዳታው ራሱ በስርቆት ምክንያት በመላ አገሪቱ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ስታስታውሱ፣ እስክሪብቶው ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባችኋል።

የእኔም እስክሪብቶ ነበረበት። በዚያው ዓመት ስሙን በማልጠቅሰው መገናኛ ብዙኃን ተለማማጅ ነበርኩ። ስለ ድርቁ አጭር ዜና ሠራሁና «ረሃብ» ብዬ ጻፍኩ። አርታኢያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ምሳ ይጋብዙናል፣ «ልጄ» ይሉናል። ቃሉን በቀይ ከበቡልኝና «ልጄ፣ ረሃብ ብለሽ ከጻፍሽ የእኛም እንጀራ ይቀራል» ብለው ሳቁ። «የምግብ ዋስትና ክፍተት» በይው አሉኝ። ክፍተት! ጥርስ መካከል እንዳለው ዓይነት። ቀየርኩት። ዜናው ተላለፈ፣ ስሜም ተጠራበት።

44ቱ የእኔ ክልል ሰዎች ነበሩ። ስለ ባዶ እግር ባሕር ዳርን የሞላው ቁጣ ስለ ባዶ ሆድ የት ሄደ? ክልሉ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ነበር፣ ሰልፍ መውጣት ሞት ነው ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ፌስቡክ ላይስ? ሁለት ቀን፣ ምናልባት ሦስት። ከዚያ ሌላ አፍ እላፊ መጣ፣ ብሔር ያለው፣ ወደ እሱ ዞርን።

*

ሥልጣን ይልቀቁ የሚል ዘመቻ ልጀምር አይደለም፤ እንደማይለቁ አውቃለሁ። እኛ ገጠር ግን ሰው በአደባባይ ከተሳደበ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ወሎ ውስጥ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉን፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይቀበላቸዋል፤ ደም የገባውን እንኳ ያስማማሉ። እነሱ ፊት «ለማለት የፈለግሁት» ብሎ ነገር አይሠራም። መጀመሪያ ያልከውን እንዳልከው ትናገራለህ፣ በሰው ፊት። ከዚያ ነው ካሳው። እኔ የምፈልገው ከዚህ አይበልጥም፦ በዚያው ምክር ቤት፣ በዚያው ማይክራፎን፣ 351 እና 44 ሲሉ መስማት። ቁጥሩ ተሳስቷል የሚሉ ከሆነም ትክክለኛውን ቁጥር፣ ከቀበሌው ስም ጋር።

ከእኛም የምፈልገው አለ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ሰው አፉ ሲያመልጠው፣ ሼር ከማድረጋችን በፊት «የተሰደበው የማን ወገን ነው?» የምንለውን ጥያቄ ለአንድ ቀን እንተወው። የተሰደበው ምን ጎድሎት ነው? ጫማ? እህል?

ባለፈው አገር ቤት ስሄድ ይህን ጽሑፍ ልጽፍ እንደሆነ ለአያቴ ነገርኳት። አሁን ከደጃፉ ላይ ሁለት ጥንድ ጫማ አላት፣ አንዱ የክት ነው። ያንን የስልክ ድምጽ ትረሳዋለች ብዬ ነበር።

«ያ ስለ እግራችን የተናገረው ሰውዬ» አለችኝ ቡናውን እየቀዳች፣ «አገሩ ወዴት ነው?»

«እኔ እንጃ እማ። ከዚሁ ከክልላችን መሰለኝ።»

ሲኒውን አቀበለችኝ። «ከእኛው ከሆነማ አንች ልጅ» አለች፣ «እናቱም ኮንጎዋን በእጇ ይዛ ነው ገበያ የሄደችው።»